ዓይን ያወጣ እንጀራ፣ ዓይን አውጣ ልጅ

(ሰኔ ላይ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የተናገርኩት ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ተገልብጦ የተጻፈ ስለሆነ የአነጋገሩን ወዝ አልነካሁትም።)

እንደምን አረፈዳችሁ!

እግዚአብሔር ይመስገን። የልጆቹ ድምፅ ከወላጆቹ በለጠ። ደስ ብሎኛል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚህ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ! ርእሰ መምህሩ ሲጋብዙኝ "ሃያ ደቂቃ" ብለውኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ሃያ ደቂቃ ስንት እንደሆነ ታውቃለች። ማክበሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። (ሳቅ)

እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ "ልጆች በትምህርታቸው ደፋር እንዲሆኑ ምን እናድርግ?" የሚል ነው። ርእሱን ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቃሉ ነው። ደፋር! እስቲ ንገሩኝ፣ በእኛ አገር ልጅን "ደፋር" የምንለው መቼ ነው? ስናመሰግነው ነው? አይደለም። ለአርበኛ ሲሆን ሙገሳ ነው፤ ለልጅ ሲሆን ስድብ ነው። "አንተ ደፋር! ትልቅ ሰው ሲናገር ትመልሳለህ?" እንለዋለን። እንግዲህ ይህንን ልጅ ነው ነገ ክፍል ውስጥ "አይዞህ፣ ደፈር በል" የምንለው። ግራ አይገባውም?

ሌላም ነገር ላጥራ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ወላጅ ፊት ቆሞ "ልጃችሁ አደጋ ይጋፈጥ" ማለት የሚያሳፍር ነገር ነው። ልጆቻችን በዕድሜያቸው ሊያዩት የማይገባቸውን አይተዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ከደብተር ጋር ተለያይተው የከረሙ ስንት አሉ! እኔ የማወራው ስለ ሌላ ድፍረት ነው። በእርሳስና በደብተር መካከል፣ በተነሣ እጅና በጥቁር ሰሌዳ መካከል ስላለው ድፍረት ነው። ልጆች፣ ስሙኝ! ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኛችሁትን የማታውቁትን ብረት መንካት ድፍረት አይደለም። በሐምሌ የሞላ ወንዝ መሻገርም ድፍረት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ተግባባን? ተግባባን?

(ልጆች፦ አዎ!)

ጥሩ። ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ ስህተት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከአባቶቻችን የቅኔ ቤት ስለረሳነው ነገር ነው። ሦስተኛው ስለ ሦስት ሰከንድ ነው። በመካከል መንገድ ከሳትኩ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቁኛላችሁና ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ይህንን ታሪክ በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አምስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። የዕለቱ ትምህርት ክፍልፋይ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ጻፍኩና "የትኛው ይበልጣል?" ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ዝም አለ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "እሺ" አልኩት። "አንድ ሦስተኛ" አለ። "ለምን?" አልኩት። "ሦስት ከሁለት ስለሚበልጥ" አለ።

መምህራን፣ ይህ መልስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወርቅ ነው! ከክፍሉ ልጆች ስንቱ እንደዚያው እያሰበ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የተማሩት ቁጥር ሁሉ ትልቁ ትልቅ፣ ትንሹ ትንሽ የሆነበት ነው። የሁሉንም ሐሳብ አውጥቶ የተናገረው እሱ ብቻ ነው። እኔ ምን አልኩ? "ቁጭ በል! ሦስት ከሁለት እንደሚበልጥ ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁ ስም "ሲሶ" ሆነ። በክፍል ሲሶ፣ በኳስ ሜዳ ሲሶ፣ ገበያ ላይም ሲሶ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ለባሕር ዳር አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። "እትዬ፣ አላወቁኝም? ሲሶ ነኝ" አለኝ። በራሱ አፍ! መካኒክ ሆኗል። ሻይ ካልጠጡ ብሎ ያዘኝ። ዳቦ ታዘዘ። ቆርሶ እየሰጠኝ ምን አለ መሰላችሁ? "እትዬ፣ የዚያን ዕለት ማታ እናቴ ዳቦ ስትቆርስ ገብቶኝ ነበር። ለሁለት ሲቆረስ ድርሻዬ ይተልቃል፣ ለሦስት ሲቆረስ ያንሳል። በማግስቱ ልነግርዎት ነበር። ግን እጄን ማውጣት ፈራሁ።"

ይህንን አስቡት። ልጁ መልሱን አግኝቶት ነበር። በአንድ ሌሊት፣ ያለ እኔ እርዳታ፣ በእናቱ ዳቦ አግኝቶት ነበር። እኔ ግን መንገዱን ዘግቼበት ነበርና ይዞት ቀረ። ያ ሻይ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ያ ልጅ ለአንድ የተሳሳተ መልስ ስንት ከፈለ? ስሙን ከፈለ! ስህተት በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ማነው የሚገዛው? ብልጥ ልጅ አይገዛም። ብልጥ ልጅ ዝም ይላል። "ዝም አይነቅዝም" ብለን አስተምረነው የለ! ይኸው የጎጃም ሰው ደግሞ ዞር ብሎ "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ይላል። ሁለቱም የእኛው ተረት ናቸው። ጥያቄው ለልጆቻችን የቱን እየመረጥን እንሰጣለን ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ አለንጋው ቀርቷል እንበል። ኩርኩሙም ቀርቷል እንበል፤ (ሳቅ) ልጆቹ ለምን እንደሳቁ አልጠይቅም። የምላስ አለንጋን ግን የትኛው አንቀጽ ይከለክላል? እኔ ያንን ልጅ በእጄ አልነካሁትም እኮ!

እናቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሹታላችሁ፣ ታስሱታላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሊጥ ታፈሳላችሁ። ምን ትሉታላችሁ? አዎ፣ ማሟሻ! ማሟሻ ዓይን አያወጣም። አንዳንዴ ይጣበቃል፣ አንዳንዴ ያርራል፣ አንዳንዴ ግማሹ ሊጥ ነው። ታዲያ ምጣዱን ትሰድቡታላችሁ? "አንተ የማትረባ ምጣድ" ብላችሁ ጎረቤት ጠርታችሁ ታስቁበታላችሁ? ማሟሻ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ማንም እንዲያምር አይጠብቀውም። እሳቱ በዛ ወይስ አነሰ፣ ሊጡ ቀጠነ ወይስ ወፈረ የሚለውን የሚነግራችሁ ግን እሱ ነው። እኛ ልጆች ሳለን በአክንባሎው ዙሪያ ተኮልኩለን የምንጠብቀው ማሟሻውን ነበር። ከእንጀራው ሁሉ እሱ ይጥመን ነበር።

ለምጣድ የፈቀድነውን ለልጅ ከለከልነው። ልጅ የመጀመሪያውን ሲያፈስ ወዲያውኑ ለእንግዳ የሚቀርብ እንዲሆን እንፈልጋለን። ማርክ እንሰጠዋለን፣ ደረጃ እናወጣለታለን። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይባላል። እውነት ነው፣ አይበቃም። ግን ማን ለእራት አለው? ልጅ ሳያቦካ ካደገ ቤቱን የሚረከበው ማን ሊሆን ነው?

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ትናንት ማታ ይህንን ንግግር ሳስብ ብቻዬን ያሳቀኝ ነው። ጥሩ እንጀራ የምንለው ምን ያወጣውን ነው? ዓይን ያወጣውን! ልጅ ሲጠይቅ፣ ሲከራከር፣ "ለምን?" ሲል ምን ብለን እንሰድበዋለን? "ዓይን አውጣ!" (ሳቅና ጭብጨባ) እንጀራው ዓይን ካላወጣ እናዝናለን፣ ልጁ ዓይን ካወጣ እንናደዳለን። እኔ እንጃ!

ሁለተኛውን ነጥብ ረሳችው እንዳትሉኝ፤ የቅኔ ቤቱን።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቅኔ ተማሪ ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኗን ለእናንተ አልነግርም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን፣ ደብረ ኤልያስን የማያውቅ እዚህ የለም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በዚሁ በእኛ አገር የቅኔ ቤት ውስጥ ያለፉ ናቸው። ቅኔ ቤት ግን ውስጡ ምን ይመስላል? አባቴ ሲነግረኝ ተማሪው ቀን ላይ ወደ ጫካው፣ ወደ ወንዙ ዳር ወጥቶ ብቻውን ይቀመጣል። ይቆጥራል። ቅኔ ይቆጠራል እንጂ ይጻፋል አይባልም። ከዚያ የኔታ ፊት ይቀርብና የቆጠረውን ይናገራል። ጓደኞቹ ሁሉ ይሰማሉ። የኔታ ያርማሉ። "ይህ ቤት አይመታም፣ ይህ ምስጢሩ ጎድሏል" ይሉታል። ቅኔው ይፈርሳል። በማግስቱስ? በማግስቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። ጀማሪው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። በየቀኑ አዲስ። የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ፣ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው!

አያችሁት? እዚያ ቤት ነውሩ መሳሳት አይደለም። ነውሩ የሌላውን መገልበጥ ነው። እኛ ጋ ተገለበጠ፤ መሳሳት ነውር ሆነ፣ መገልበጥ ዘዴ ሆነ።

አባቴን አንድ ቀን "ስንት ጊዜ ፈርሶብሃል?" አልኩት። ሳቀና "ያልፈረሰብኝን ብትጠይቂኝ ይቀልሻል፤ እሱን መቁጠር እችላለሁ" አለኝ።

እንዳላጋንን ግን ልጠንቀቅ። የአብነት ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲህ ነበር አልልም። ንባብ ቤት ሌላ ነው። ንባብ ቤት ከየኔታ አፍ የወጣውን ሳያዛንፉ መመለስ ነው፤ ያዛነፈ ይገረፋል። ለንባብ ምናልባት ትክክል ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍ እንደፈለጉ አይነበብም። ረኀቡም፣ ውሻውም፣ ቁንጫውም ነበር። አባቴ እግሩ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ነበረው፤ "ይህ የመወድሴ ማኅተም ነው" ይል ነበር። እኔ የምለው ምንድን ነው? ከአባቶቻችን ሁለት ቤት ወርሰን ነበር። አንዱ የሰሙትን በትክክል የመመለስ ቤት ነው፣ ሌላው የራስን አዲስ ነገር ደፍሮ የማቅረብ ቤት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የንባብ ቤቱን ዱላ ወረሰ፣ የቅኔ ቤቱን ወንዝ ዳር ግን ተወው።

ለሴት ልጆቼ ደግሞ አንድ ስም ልስጣችሁ፣ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ። የጎጃም ሴት ናቸው። ዓይነ ሥውር ነበሩ። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው የቅኔ መምህርት ሆኑ፤ ወንዶቹ እየመጡ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተማሩ። በዚያ ዘመን አንዲት ዓይነ ሥውር ሴት "ቅኔ አስተምራለሁ" ስትል ያልተባለችው ነገር ምን ይኖራል ብላችሁ ታስባላችሁ? አንቺ ከኋላ የምትስቂው፣ ስማቸውን ጻፍሽ?

"ይህ የድሮ ወግ ነው፣ ሳይንሱ ምን ይላል?" የሚል ወጣት መምህር ይኖራል። ይኑር፣ መጠየቅ ነው እንጂ! በ2009 እ.ኤ.አ. ኮርኔል፣ ሄይስና ቢዮርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ ሠርተው አሳትመዋል። ለሰዎች ጥንድ ጥንድ ቃል አጠኗቸው። ለምሳሌ "ዓሣ ነባሪ" እና "አጥቢ"። ለግማሾቹ ጥንዶች ሁለቱንም ቃል አንድ ላይ አሳይተው 13 ሰከንድ እንዲያጠኑ ሰጧቸው። ለቀሩት ጥንዶች መጀመሪያ "ዓሣ ነባሪ" የሚለውን ብቻ አሳይተው "ጥንዱ ምን ይመስላችኋል?" ብለው 8 ሰከንድ አስገመቷቸው። ግምቱ ከሞላ ጎደል ሁሌም ስህተት ነው፤ እንዴት አድርጎ ያውቀዋል? ከዚያ ትክክለኛውን መልስ 5 ሰከንድ ብቻ አሳዩዋቸው። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ይበልጥ ታስታውሳላችሁ? 13 ሰከንድ ሙሉ ያጠናችሁትን አይደል? አይደለም! ይበልጥ የታወሰው መጀመሪያ የተሳሳቱበት ነው። ገምቶ መሳት አእምሮን አያበላሽም፤ መሬቱን ያለሰልሳል፣ ዘሩ ይይዛል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ከስህተቱ በኋላ ትክክለኛው መልስ መነገር አለበት። ልጅን "ጎበዝ፣ ጎበዝ" እያሉ በስህተቱ ላይ መተው ደግነት አይደለም። የኔታ ያርሙ ነበር፤ በደንብ አድርገው ያርሙ ነበር። ማረምና ማሳፈር ግን ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ሦስት ሰከንድ ነው ብያለሁ።

ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ነበረች። የመምህራንን ክፍል በድምፅ እየቀረጸች አዳመጠች። መምህር ጠይቆ መልስ ለመስማት ምን ያህል ይጠብቃል? ያገኘችው አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ! ከዚያ ሌላ ልጅ ይጠራል፣ ወይም ራሱ ይመልሳል። መምህራኑ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ስታደርግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ሳይጠሩ የሚናገሩት በዙ፣ "አላውቅም" የሚለውና ዝምታው ቀነሰ፣ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ለዚህ ሁሉ ምን ወጪ ወጣ? አምስት ሳንቲም አልወጣም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ፕላዝማውን፣ ያንን በክፍሉ ቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ ታስታውሳላችሁ? (ሳቅ) ታስታውሳላችሁ! የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከማንም ምንም ሳይሰማ "በጣም ጥሩ! መልሱ ይኸ ነው" ብሎ ይቀጥላል። ተማሪው ገና ጥያቄውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ነው! በፕላዝማው እንስቃለን። እኔ ግን አንድ ቀን ሰዓቴን ይዤ ራሴን ቆጠርኩ። ከፕላዝማው የባስኩ ሆኜ ተገኘሁ።

እስቲ አሁን አብረን እንሞክር። አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ማንም አይመልስም፤ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። ዝግጁ? ጨረቃ በቀን ለምን አንዳንዴ ትታያለች? አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት… አምስት።

ረዘመ አይደል? አንዳንዶቻችሁ ወንበር ላይ ስትቁነጠነጡ አይቻለሁ። ልጆቹን ግን አያችኋቸው? ሁለተኛው ላይ አራት እጅ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ቆጥሬ አልጨረስኩትም። እነዚያን እጆች በየቀኑ በአንድ ሰከንድ ስንቆርጣቸው ኖረናል። ለጨረቃዋ መልሱን አሁን አልነግራችሁም፤ ገምታችሁ ኑ፣ ሳይንስ መምህራችሁ ነገ ያርሟችኋል። አላውቅም እንዳትሉኝ መምህር። (ሳቅ)

አሁን ደስ የማይል ነገር ላንሣ። ስለ ኩረጃ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱን ታስታውሳላችሁ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። ከዚያ በኋላ 5.4። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ መጽሐፍ አልነበረም፣ መምህር አልነበረም፣ ሰላም አልነበረም። ፍርሃት ብቻውን አመጣው ብል እዋሻለሁ። ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈተና ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚኮርጀው ሰነፉ ብቻ አይደለም። መልሱን በትክክል ጽፎ ሳለ ከጎኑ ያለውን አይቶ የራሱን የሚሰርዝ ልጅ አለ! በዓይኔ አይቻለሁ። የራሱ ትክክል ነበር፣ የጓደኛው ስህተት ነበር፤ ሰርዞ ስህተቱን ገለበጠ። ለምን? ብቻውን ከሚሳሳት ከሰው ጋር መሳሳት ስለሚሻለው ነው። ይህንን ልጅ በፖሊስና በካሜራ አታድኑትም። ይህ ልጅ የታመመው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው።

"እንግዲያው ልጅ እንደፈለገ ይሁን?" ትሉኝ ይሆናል። አባቶች በተለይ እዚህ ላይ ፊታችሁ ሲጠቁር አያለሁ። ቆይ፣ በእናንተው ልመልስላችሁ።

ልጃችሁን እርሻ ያስተማራችሁት እንዴት ነው? ወንድሜ መጀመሪያ እርፍ የጨበጠ ቀን ትዝ ይለኛል። ትልሙ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። በሬዎቹ አንዱ ወደ ቆላ፣ አንዱ ወደ ደጋ! አጎቴ "ኧረ እርፉን ተቀበለው፣ መሬቱን አበላሸው!" ሲል አባቴ እጁን አጣምሮ ቆሞ "ተወው፣ ገመሳ ነው" አለ። ገመሳ! ገና የመጀመሪያው እርሻ ነው። መሬቱ ለጤፍ እስኪደርስ ተደጋግሞ ይታረሳል፤ የተጣመመው ይቃናል። የዘሩ ቀን ሲመጣ ግን አባቴ እርፉን ለወንድሜ አልሰጠውም። ጤፍ ቀልድ አያውቅማ! ወንድሜም አልተቀየመም።

መምህራን፣ ዓመቱን በሙሉ የዘር ቀን አድርገነዋል። የቤት ሥራ በማርክ፣ የክፍል ሥራ በማርክ፣ አጭር ፈተና በማርክ። ልጁ የሚገምሰው መቼ ነው? እኔ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ያም ቢቀር ሃያ ደቂቃ፣ ማርክ የማይገባበት ይሁን። ልጆቹ ያልተማሩትን ጥያቄ ስጧቸውና ይገምቱ፣ ይሳሳቱ፣ ከዚያ አርሙ። እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት አርብ አርብ አደረግሁት፤ ስሙንም "ማሟሻ" አልኩት። ሕጉ አንድ ነበር፤ በሰው ስህተት የሳቀ ተነሥቶ የራሱን ስህተት ይናገራል። መጀመሪያ የተያዝኩት እኔው ነኝ። ተነሥቼ የሲሶን ታሪክ ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ልጅ ምን አለች? "ቲቸር፣ ይቅርታ ጠየቁት?" አለችኝ።

አልጠየቅሁትም ነበር። ሻዩን ጠጥቼ፣ አውቶቡሴን ተሳፍሬ ሄድኩ። ለስንት ዓመት ይህንን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። ያወራነውን ለራሴ ላስቀረው።

ወላጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ አንድ ጥያቄ እንድትቀይሩልኝ ነው። ልጃችሁ ማታ ሲገባ "ስንት አገኘህ? ስንተኛ ወጣሽ?" ትላላችሁ። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ ሌሎቹ ሃምሳ ዘጠኙ ማታ ማታ ምን ይበሉ? አንዳንዴ እንኳ "ዛሬ ምን ጠየቅሽ?" በሉ። "ዛሬ ምን ተሳሳትክ?" በሉ፤ ሲነግራችሁም አትቆጡ፤ ይልቅ እናንተም የዕለቱን ስህተታችሁን ንገሩት። አባት ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ መታለሉን ለልጁ ቢነግረው ክብሩ ይቀንሳል? ማን ነው እንዲህ ያለው?

በተለይ ለሴቶቹ። ወንድ ልጅ ሲጠይቅ "ንቁ ነው" እንላለን፣ ሴት ልጅ ስትጠይቅ "ምላሷ ረዘመ" እንላለን። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ በአማርኛ አንገቷን እንድትደፋ ያደረግናት ልጅ በሰው ቋንቋ ቀና ልትል ነው?

ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ሃያው ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል፤ አውቃለሁ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሌላም የምናገረው ነበረኝ፤ ይቅር። እኔ ከጀመርኩ ጀምሮ ከፊት ያለችው፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ሦስት ጊዜ እጇን እስከ ጆሮዋ አንሥታ ሦስት ጊዜ አወረደችው። የቀረውን ጊዜ ለእሷ ሰጥቻለሁ።

ነይ እንጂ ልጄ። አይ፣ ማይክሮፎኑን አትፍሪው። መነሣት ካልፈለግሽ እዚያው ሆነሽ ተናገሪ። እናንተም ዝም በሉ፤ ማንም እንዳይመልስላት፣ ማንም "ቶሎ በይ" እንዳይላት። እንጠብቃታለን።